ትንሿ አምባዛ ድርሻዋን ትፈልጋለች



አምባዛን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። በጣና ሐይቅና በሌሎች ውሃዎቻችን ትገኛለች። ቅርፊት የላትም። በአፏ ዙሪያ እንደ ድመት ያለ ጢም አላት። ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንዲት የሩቅ ዘመዷ ነው።

ይህች ዓሣ የምትኖረው በህንድና በባንግላዴሽ፣ በብራህማፑትራ ወንዝና ወደ እሱ በሚገቡ ውሃዎች ነው። የእኛ አገር አምባዛ አድጋ ከአንድ ሜትር ልታልፍ ትችላለች። ይህችኛዋ ግን ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ብቻ ናት። ጣት እንኳ አታክልም። መልኳ ቡናማ ስለሆነ ዝም ብላ ስትተኛ ጠጠር ትመስላለች። ፍራንሲስ ዴይ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1870 ስለ እሷ ጻፈ። የሳይንስ ስሟ ሃራ ጄርዶኒ ነው።

በልዩ ልዩ አገሮች ሰዎች ይህችን ዓሣ የሚያኖሯት ለመብላት ሳይሆን ለማየት ነው። በቤታቸው አኳሪየም ያዘጋጁላታል። አኳሪየም ማለት ግድግዳው መስተዋት የሆነ የውሃ ሣጥን ነው።

ታዲያ አንዳንዶች «እሷ ከሥር ነው የምትኖረው፤ የሌሎቹን ዓሦች ትርፍራፊ ለቅማ ትጠግባለች» ይላሉ። ይህ ትክክል አይደለም። ዓሣዋ ዝግተኛ ናት። ቀን ከድንጋይ ሥር ትደበቃለች። ምግብ የምትፈልገው ሲጨልም ነው። ቀን የተሰጠውን ፈጣኖቹ ዓሦች ቀድመው ይጨርሱታል። እሷ ትከሳለች። ዝም ስላለች ባለቤቷ «ደህና ናት» ይላል። አንድ ቀን ሞታ ያገኛታል።

ምን ይሻላል? መብራቱ ከጠፋ በኋላ ትናንሽ ትሎች በአጠገቧ ይጣሉላት። ጠዋት የተረፈው ይውጣ። ምግብ ውሃ ውስጥ ሲበሰብስ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይፈጠራል። አሞኒያ በዓይን አይታይም። ውሃው ጥርት ብሎ እያየነው ዓሣ ይገድላል።

ይህን መርዝ የሚቀንሱት ባክቴሪያ የሚባሉ ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች ናቸው። በአሸዋውና በውሃ ማጣሪያው ላይ ይራባሉ። ለመራባት ሳምንታት ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ ውሃው አስቀድሞ ይዘጋጃል፤ ዓሣዋ በኋላ ትገባለች። ውሃው የቧንቧ ከሆነ ክሎሪኑ ይወገድ። ሙቀቱ ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ይሁን። ዓሣዋን ከቦታ ቦታ ለማዛወር ኩባያ እንጂ መረብ አይበጅም። የጎን ክንፏ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው እሾህ ስላለው በመረብ ይጠላለፋል።

ከብት አርቢዎች ይህን ነገር ቀድሞውንም ታውቁታላችሁ። ብርቱዎቹ ከገንዳው እየገፏት የምትከሳ ጥጃ ለብቻዋ ትመገባለች እንጂ ትርፍራፊ አትጠብቅም። የትንሿም አምባዛ ነገር እንዲሁ ነው። ዝም ያለ ሁሉ የጠገበ አይደለም።

ጥያቄ፦
1. ይህች ዓሣ ምግብ የምትፈልገው መቼ ነው?
2. ጥርት ያለ ውሃ ዓሣ ሊገድል የሚችለው ለምንድን ነው?

መልሱን ከጽሑፉ ፈልጉ። ካገኛችሁት በኋላ ላላነበበ ጎረቤታችሁ አስረዱ።