በክረምት መኪናና እግረኛ አንድ መንገድ ላይ ናቸው



እንደሚታወቀው ክረምት የሚባለው ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው ጊዜ ሲሆን፣ ዝናቡ የሚበረታው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። በነዚህ ወራት ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ልጆቻችን ደጅ ነው የሚውሉት። የመንገዱን ዳር ደግሞ ጎርፍና ጭቃ ስለሚይዘው እግረኛው ወዶ ሳይሆን ተገዶ አስፋልት ላይ ይወጣል። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ልጅ አዝላ በታችኛው መታጠፊያ ስታልፍ፣ አንድ ሚኒባስ ፍሬን ቢይዝ አልቆም ብሎ ለጥቂት ነው የተረፈችው። ሾፌሩ «ይዤው ነበር እኮ!» ይላል። እውነቱን ነው፣ ይዞታል። ነገር ግን መኪና በእርጥብ መንገድ ለመቆም የሚፈጅበት ርቀት በደረቁ ከሚፈጅበት እጥፍ ገደማ ነው። ጎማው ሙልጭ ያለ ከሆነማ አይወራም። በመሆኑም ሾፌር የሆነ ሁሉ ፍጥነቱን መቀነስ ያለበት ሰው ካየ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ ነው።

ሰው ዶፍ ሲያይ ይፈራል፣ ካፊያን ግን ይንቃል። አስፋልት ላይ የከረመው ዘይትና አቧራ ከመጀመሪያው ካፊያ ጋር ሲቀላቀል እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። የኛ ሰፈር ቁልቁለት ኮብልስቶንም እንደዚያው ነው። ነዳጅ ተወደደ ተብሎ ማርሽ ነጻ አድርጎ መውረድ ኧረ ይቅር! በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብሎ ነው። ጎማ ውሃ ላይ ከተንሳፈፈም ነዳጁን ለቆ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ እንጂ ፍሬን መርገጥ አያዋጣም።

ጥልቀቱ ያልታወቀ ጎርፍ ውስጥ አትግቡ። ወደ 30 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ውሃ ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ ይችላል፤ ክዳኑ የተነሣ ቱቦም ከሥሩ አይታይም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎርፍ ሰው መግደሉ የሚረሳ አይደለም። በደሴ መስመር የምትሄዱም ጣርማ በር ላይ ጉም ሲይዛችሁ ረጅም መብራት አታብሩ፤ ጉሙ መልሶ ዓይናችሁ ላይ ይረጨዋል፤ አጭሩ ይሻላል።

የቡሄ ዋዜማ ማታ ደግሞ ልጆች ዱላቸውን ይዘው ሆያ ሆዬ እያሉ ከቤት ቤት ይዞራሉ። በጨለማና በዝናብ ልጅ አይታይም፣ ልጅም መኪና አያይም። ወላጆች ነጣ ያለ ልብስ አልብሷቸው፣ ከትልልቆቹም አንዱ አብሯቸው ይሁን።

ለቀብር የወጣን ሰው ነጠላ በጭቃ ውሃ እየረጩ ማለፍም ነውር ነው፤ መቼም መኪና ያለው ሁሉ ትናንት እግረኛ ነበር።

ታዲያ ጥፋቱን ሁሉ በሾፌር ማላከክ ደግሞ አይቻልም። ውሃው ወደ መንገዱ የሚወጣው ቦዩ ስለተደፈነ ነው፤ የደፈነውም ከየግቢው የሚጣለው ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ ነው። ቦዩ ቢጠረግ እግረኛው ዳሩን ያገኛል፣ መኪናውም መንገዱን። ስለሆነም የፊታችን እሑድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ከታችኛው መታጠፊያ ጀምረን ቦዩን እንጠርጋለን። አካፋና ዶማ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ መኪና ያላችሁም ቆሻሻውን ለማንሳት ታስፈልጋላችሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ