ስንት ብንቆጥብ ይበቃል?

ባለፈው ሰንበት ከዓመታት በፊት ያስተማርኳት፣ ዛሬ የአንድ ልጅ እናት የሆነች ወጣት እንዲህ ስትል ጻፈችልኝ፦ «ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ለቤት ቅድመ ክፍያ መቆጠብ ልንጀምር ነው። ስንት ቢኖረን ይበቃናል? አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ የዋጋውን 20 በመቶ ይላል።» ኢኮኖሚክስ የማስተምር ሰው ነኝና መልሱ በእጄ ሊሆን ይገባ ነበር። ሦስት ቀን ዝም አልኳት።

መጽሐፉ አልዋሸም። በአሜሪካ ከ20 በመቶ በታች ይዞ የሚቀርብ ተበዳሪ አብዛኛውን ጊዜ ለአበዳሪው ዋስትና የሚሆን መድን ይገዛል፤ ከዚያ በኋላ ለ30 ዓመት የማይለወጥ ወለድ ሊዋዋል ይችላል። ቁጥሩ የቆመው በዚያ ሥርዓት ላይ ነው። እኛ ዘንድ ቁጥሩ ብቻውን መጥቷል።

ስለ እኛው ቁጥር እናውጋ። በነሐሴ 2005 ዓ.ም. የ40/60 ቤቶች ምዝገባ ሲከፈት ወጣት መምህር ነበርኩ። ባለ ሁለት መኝታ፣ 75 ካሬ ሜትር፣ ግምታዊ ዋጋው 250 ሺህ ብር። በየወሩ 1,575 ብር ለአምስት ዓመት ያስቀመጠ 40 በመቶውን ያሟላል፣ የቀረውን 60 በመቶ ባንክ ያበድረዋል ተባልን። ተመዘገብኩ። ባለቤቴ ያንን 1,575 ብር «ሦስተኛው ልጃችን» ትለው ነበር፤ ከሁለቱ ልጆች አስቀድሞ የሚቀለበው እርሱ ነበርና።

ሒሳቡ በራሱ ስህተት አልነበረበትም። 1,575 በ60 ወር ሲባዛ 94,500፤ በጊዜው የነበረው የ5 በመቶ ወለድ ሲታከልበት 107 ሺህ ገደማ። ነገር ግን ሒሳቡ ውስጥ ማንም ጮክ ብሎ ያልተናገረው አንድ ግምት ተሸሽጓል፤ ይኸውም የቤቱ ዋጋ አምስት ዓመት ሙሉ ቆሞ ይጠብቀናል የሚል ነው። እስቲ አንባቢ እርሳስ ይያዝልኝ። ዋጋው በዓመት 10 በመቶ ብቻ ይጨምር እንበል። 250 ሺህ የነበረው በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ 403 ሺህ ይደርሳል፤ የቆጣቢው 107 ሺህም የዋጋው 27 በመቶ ያህል ሆኖ ይገኛል። ጭማሪው 20 በመቶ ከሆነ ደግሞ 17 በመቶ ነው። አንድ ወር እንኳ ያላጓደለ ሰው የ40/60 ተመዝጋቢ ሆኖ ገብቶ የ17/83 ተመዝጋቢ ሆኖ ይወጣል ማለት ነው።

ይህ የክፍል ውስጥ ምሳሌ ነው፤ የሆነው ግን ከምሳሌው የከፋ ነው። በጥቅምት 2010 የቁጠባ ወለድ ወደ 7 በመቶ ከፍ ሲል በዚያው ሰሞን ብር በ15 በመቶ ረከሰ። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ አለፈ። ስመዘገብ ከ19 ብር በታች የነበረው ዶላር፣ በሐምሌ 2016 የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ብረቱ፣ ሊፍቱ፣ የመብራት ገመዱ በምን እንደሚገዛ ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ አልነግረውም።

እውነቱን ሁሉ ለመናገር፣ ዕጣ የወጣለት ሰው አልተጎዳም፤ ከገበያው እጅግ ባነሰ ዋጋ ቤት አግኝቷል። ጥያቄዬም ከዚህ ይነሳል። አብረው የተመዘገቡ፣ እኩል የቆጠቡ ሁለት ባልደረቦች አንዱ ባለሀብት ሆኖ ሌላው የተሸረሸረ ደብተር ይዞ ከቀረ፣ የተሸለመው ቁጠባ ነው ወይስ ዕድል? በ2009 በወጣው የመጀመሪያው የ40/60 ዕጣ 972 ቤቶች ቀረቡ፤ ዕድሉ የተሰጠውም ሙሉውን፣ 100 በመቶውን አስቀድመው ለከፈሉት ነበር። ስለዚህ «ስንት ይበቃል?» ለሚለው ጥያቄ በተግባር የተሰጠን የመጀመሪያ መልስ 100 በመቶ የሚል ነው። በሐምሌ 2014 ደግሞ ዕጣ ወጣ፤ ስሜን ፈልጌ አጣሁት። ብዙም ሳይቆይ መረጃው ተነካክቷል ተብሎ ዕጣው ራሱ ተሰረዘ። ባለቤቴ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም።

እንግዲህ የዋጋውን ጭማሪ ማን ይሸከመው? መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል ሕገ መንግሥቱ። መሬቱን የሚያድለው መንግሥት፣ ብሩን የሚያትመው መንግሥት፣ ቤቱን የሚያስገነባው መንግሥት፣ ቁጠባውን የሚሰበስበው ባንክ ባለቤትም መንግሥት ነው። ዋጋውን ሊያረጋጋ የሚችል እጅ ሁሉ በአንድ ወገን ሆኖ ሳለ፣ የዋጋው መናር ግን የተጫነው ከሁሉ አቅመ ደካማ በሆነው ቆጣቢ ላይ ነው። ከዚያም አልፎ በ2015 ክረምት ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ሲገድብ፣ ድርሻውን ያሟላ ሰው እንኳ ቀሪውን የሚያበድረው ባንክ ለማግኘት ተቸገረ። (የባንክ ሠራተኞች ከቀጣሪያቸው በዝቅተኛ ወለድ የቤት ብድር ያገኛሉ። አልቀናሁም ብል ማን ያምነኛል!)

እኔ የምለው ቁጠባው በብር ሳይሆን በካሬ ሜትር ይመዝገብ ነው። በ2005 ዋጋ አንድ ካሬ ሜትር 3,333 ብር ነበር፤ ስለዚህ የእኔ 1,575 ብር በየወሩ ግማሽ ካሬ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ወለል ይገዛ ነበር። ደብተሬ ላይ ያ ወለል ይጻፍልኝ፤ ከአሥር ዓመት በኋላም ያው ወለል ሆኖ ይቆየኝ። «መንግሥት ይከስራል» የሚሉኝ አሉ። ይከስር ይሆናል። ነገር ግን ዛሬ ኪሳራው ጠፍቷል ወይ? የለም፤ በመቶ ሺህ ደብተሮች ላይ ተበታትኖ ስላለ አይታይም እንጂ። አንድ ቦታ ቢከማችና ምክር ቤት ፊት በበጀት ሰነድ ላይ ቢነበብ፣ ገንዘብ አታሚውም እጁን ይሰበስብ ነበር።

በአራተኛው ቀን ለልጅቱ መለስኩላት። «መቶኛውን ተዪው» አልኳት፤ «የምትፈልጊው ዓይነት ቤት ካምና ዘንድሮ ስንት ይጠየቅበት እንደነበር ጠይቂና ጭማሪውን በ12 ወር አካፍይ። የምትቆጥቡት ከዚያ ካነሰ በየወሩ ከቤቱ እየራቃችሁ ነው፤ ትልቁን ከመጠበቅ ዛሬ ባለ አንድ ክፍሏን ያዙ።»

ወዲያው መልሷ መጣ፦ «እሺ ዶክተር፣ አመሰግናለሁ። እርስዎ ግን ስንት ካሬ ደረሱ?»