በመረብ ያልተያዘ ዓሣ በወንዙ ውስጥ የለም ማለት ነውን?

በጣና ሐይቅ ከሚታወቁት 15 የላቤዮባርበስ ዝርያዎች አብዛኞቹ በሌላ ስፍራ አይገኙም። ከፊሎቹ በክረምት ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ወንዞች ወጥተው ዕንቁላላቸውን እንደሚጥሉ በጥናት ተረጋግጧል። የቀሩት ግን በወንዞቹ ውስጥ በተዘረጋ መረብ ስላልተያዙ በሐይቁ ውስጥ እንደሚራቡ ይገመታል። በእኔ አስተያየት የዚህ ግምት ስታቲስቲካዊ መሠረት እንደገና ሊፈተሽ ይገባዋል።

መረብ የዓሣን ጉዞ በቀጥታ አይለካም። በአንድ ሌሊት የሚያዘው ቁጥር የዓሣው ብዛት፣ የእንቅስቃሴው፣ የመረቡ ዓይን ስፋትና የውኃው ፍጥነት ድምር ውጤት ነው። ጎርፍ ሲበረታ ቅጠልና ጭራሮ የሞላው መረብ የመያዝ ዐቅሙ ይቀንሳል፤ ዓሦቹ ወደ ላይ የሚጓዙትም በዚሁ ወቅት ነው። ስለዚህ የወራትን አማካይ በአኖቫ ብቻ ስናነጻጽር የዓሣውን እንቅስቃሴ ከመረቡ ዐቅም መለየት አንችልም።

ለምሳሌ፣ በወንዙ ውስጥ ያለ አንድ ዝርያ በአንድ ሌሊት የመያዝ ዕድሉ 0.2 ነው እንበል። ሌሊቶቹ እርስ በርስ ካልተጽዕኖ፣ በአምስት ሌሊት አንድም ጊዜ ሳይያዝ የመቅረት ዕድሉ 0.8 በራሱ አምስት ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው 0.33 ገደማ ነው። ይህን ዕድል ከ0.05 በታች ለማውረድ 14 ሌሊት ያስፈልጋል።

የባሕር ኤሊዎችንና ዓሣ ነባሪዎችን በሳተላይት የሚከታተሉ ተመራማሪዎች ይህን ችግር የሚፈቱት የእንስሳውን ትክክለኛ ጉዞና የመሣሪያውን የምልከታ ስሕተት በሁለት የተለያዩ እኩልታዎች በሚገልጽ ስቴት ስፔስ ሞዴል ነው። ውድ መሣሪያ ባይኖረንም መርሑን መውሰድ እንችላለን። በተከታታይ ሌሊቶች ደጋግሞ ማጥመድ፣ ባዶ የወጣውን መረብ ሳይቀር የእያንዳንዱን ውጤት ለየብቻ መመዝገብ፣ እንዲሁም ከዓሣ አስጋሪዎች ጋር ተባብሮ ምልክት የተደረገባቸውን ዓሦች ዳግም መያዝ የመያዝን ዕድል ለመገመት ያስችላል። በወር ድምር የተጠቃለለ መረጃ ግን ይህን ዕድል ይደብቃል።

ጉዳዩ የቀመር ምርጫ ብቻ አይደለም። በርብ ወንዝ ላይ ግድብ ተሠርቷል፤ የሌሎቹም ወንዞች ውኃ ለመስኖ ይፈለጋል። አንድ ዝርያ «በሐይቅ የሚራባ» ተብሎ ከተመደበ የሚወጣበትን ወንዝ የሚከላከልለት አይኖርም። ስለሆነም የመያዝን ዕድል ሳንገምት «አልተገኘም» የሚለውን «የለም» ብለን አንጻፍ።