የእግር መንገዱ የባለመኪና ብቻ ነው?

ከአዲስ አበባ ብዙ የማይርቀውን የመናገሻ ሱባ ጫካ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ጥዱ፣ ጉሬዛው፣ ወደ ወጨጫ የሚያወጣው የእግር መንገድ፣ ሁሉም አለ። መድረሻው ነው የጠፋው! እስከ ሰበታ በታክሲ ትሄዳላችሁ። ከዚያ ወዲያ ኮረኮንቹን ወይ በኮንትራት ወይ በእግር ነው። በእግር ካላችሁ ጉዞው ጫካው በር ሳትደርሱ አለቀ። መመለሻውንስ ማን አሰበው?

«ሕዝቡ ጫካ አይወድም» የሚሉን፣ መኪናቸውን በሩ ላይ አቁመው የሚገቡት ናቸው። እንጦጦ ማርያምን እዩ፤ ከሽሮ ሜዳ ታክሲ ስላለ ተማሪውም አሮጊቷም ይወጣሉ። ለሱባም እሑድ ጠዋት የሚያደርስ፣ አመሻሽ ላይ የሚመልስ አንድ አውቶቡስ ይመደብ። ፌርማታው ግን ጫካው በር ላይ ይሁን፤ ሰበታማ አሁንም እንደርሳለን።