የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ማጅራት ላይ የምትወጋ መርፌ

ማይግሬን የጠናበት ሰው ድንገተኛ ክፍል ሲገባ የመጀመሪያ ልመናው «መብራቱን አጥፉልኝ» ነው። ያስመልሰዋል፣ ድምፅ ይረብሸዋል፤ ግን ደም ስለማይፈሰውና አጥንቱ ስላልተሰበረ ወንበር ላይ ተጎንብሶ ወረፋ ይጠብቃል።

የዚህ እትም ዋና ጽሑፍ ለእሱ ስለሚሰጥ መርፌ ነው። ሐኪሙ ከራስ ቅል በስተኋላ ያለችውን ጉብታ በጣቱ ይዳስሳል። ከሷ ወደ ጆሮ ጀርባ አጥንት በሚወስደው መስመር ሲሶውን ያህል ሄዶ በቀጭን መርፌ ሊዶኬይን ወይም ቡፒቫኬይን የተባለ ማደንዘዣ ጥቂት ሚሊ ሊትር እዚያ ባለው ነርቭ አጠገብ ይወጋል። ሊዶኬይን እንግዳ ነገር አይደለም፤ ጥርሱን ያስነቀለ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ማጅራት ተወግቶ ግንባር እንዴት ይሻለዋል? የላይኛው አንገትና የፊት ነርቮች የሕመም መልእክታቸውን የሚያደርሱት አንጎል ግንድና ኅብለ ሰረሰር በሚገናኙበት አንድ ስፍራ ላይ ስለሆነ ነው።

የአሜሪካ የራስ ምታት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው መመሪያ ይህን መርፌ ለአዋቂዎች ሊቀርቡ ከሚገባቸው ሕክምናዎች ቀዳሚ ረድፍ ላይ አስቀምጦታል። ሃይድሮሞርፎን የተባለው ኦፒዮይድ በደም ሥር እንዳይሰጥም አሳስቧል። ነገሩን ግን እንደ ተአምር አናውራው፤ ኒውዮርክ ውስጥ ሜቶክሎፕራማይድ ከተባለ በደም ሥር ከሚሰጥ መድኃኒት ጋር በተነጻጸረበት ጥናት መርፌው ከመድኃኒቱ እንደማያንስ ማሳየት አልተቻለም። እኔን የሳበኝ በደም ሥር መድኃኒት ወስዶ ከሚመጣው እንቅልፍና መቅበጥበጥ ማዳኑ ነው።

ጽሑፉን ስታነቡ ስለ ጥንቃቄ የሚያወሳውን ክፍል አትዝለሉት። ድንገት እንደ መብረቅ የወረደ ራስ ምታት መጀመሪያ ምርመራ እንጂ መርፌ አይሻም፤ ከራስ ቅሉ ኋላ አጥንት በቀዶ ሕክምና የተነሳለት ሰውም እዚያ ቦታ ላይ አይወጋም።