ልጁን አትቆጡት

መኪና የሚያመው ሰው ደካማ አይደለም። ይህን የምለው በተለይ ለረዳቶች ነው፤ ልጅ ባስመለሰ ቁጥር "ቀድመሽ ፌስታል አትጠይቂም?" እያላችሁ እናትየዋን ለምታሸማቅቁ። ከ2 እስከ 12 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ እኮ ይብሳል።

ነገሩ የሚጀምረው ከሆድ ሳይሆን ከጆሮ ነው። የውስጠኛው ጆሮ "እየተወዛወዝን ነው" ይላል፤ ዓይን ደግሞ የፊት ወንበሩን ጀርባ ወይም ስልክ እያየ "ኧረ ቁጭ ብለናል" ይላል። አእምሮ መሀል ላይ ግራ ይጋባል። ሹፌሩ ኩርባውን ቀድሞ ስለሚያየው እምብዛም አያመውም። ለዚህም ነው የሌላው ሕመም የማይታየው።

ብዙ ሰው ጥፋቱን በኮሮኮንች ያላክካል። ኮሮኮንች ወገብ ይቆርጣል እንጂ ፈጣን መንገጫገጭ ያን ያህል አያስመልስም። የሚያስመልሰው ዘገም ያለው ውዝዋዜ ነው፤ በየጥቂት ሰከንዱ ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላ መላጋት። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ አስቡት፤ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁለት፣ ያውም ጥምዝምዝ። ፖርቶ መጋላው ላይ ጭነት የተቆለለበት፣ አሞርዛተሩ ያለቀ ሚኒባስ ከሆነማ ጀልባ በሉት። ሹፌሩ ፍሬን በድንገት የሚረግጥ፣ ኩርባ ላይ የሚፈጥን ከሆነ ግን አዲስ መኪናም አያድንም።

ጋቢናው ለትውውቅ ከሚያዝ ለሚያመው ሰው ቢሰጥ ምን አለበት? "ብርድ ይመታናል" የምትሉ ወገኖቼም መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ክፈቱለት። መጋረጃውንም ግለጡት፣ ልጁ ሩቁን ተራራ ይይ። ሎሚ ማሽተቱን አልቃወምም፤ እኔም ኪሴ ውስጥ አይጠፋም።