ምስሉ ሲጠፋ ጥፋቱን ከየት እንፈልግ?

በወላይታ ዞን በአንዳንድ ቀበሌዎች በገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከል ወይም በኅብረት ሥራ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ ለአባሎች ዜናና ትምህርት እንዲያቀርብ ታስቦ የተገዛ ቴሌቪዥን ጨርቅ ለብሶ ተቀምጦ ይታያል። ምክንያቱ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ከቀበሌ ቀበሌ ብዙም አይለያይም፤ «ጣቢያው ጠፋብን» ይባላል። አንዱ መሪ መንግሥትን፣ ሌላው ነጋዴውን፣ ሦስተኛው ዝናቡን ይወቅሳል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን አብዛኛው ብልሽት ከማኅበሩ ግቢ ያልወጣና በአባሎች እጅ ሊቃና የሚችል ነው። ሊቃና የሚችለው ግን የገበሬ ማኅበር መሪዎች (ዛሬ ቀበሌ ቢባልም ስሙ ከአፋችን አልወጣምና በዚሁ እንጥራው) መሣሪያውን እንደ ውሃ ፓምፕና እንደ ወፍጮ የጋራ ንብረት አድርገው ሲይዙት ነው።

«ቴሌቪዥን የወጣቶች ኳስ ማያ ነው፤ ገበሬን ምን ይጠቅመዋል?» የሚሉ ሽማግሌዎች ያጋጥማሉ። መልሱ ቀላል ነው። የበልግ ዝናብ መቼ እንደሚገባና ምን ያህል እንደሚሆን የሚተነበየው የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት መግለጫ የሚነገረው በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ነው። በ2004 ዓ.ም. ግድም የዝንጅብል አጠውልግ በሽታ በአካባቢያችን ሲዛመት፣ ዘር ከጎረቤት ተበድሮ መትከል በሽታውን ይዞ መግባት መሆኑን በጊዜ የሰማና ያልሰማ ገበሬ እኩል አልተጎዳም። የእንሰት አጠውልግም እንዲሁ ነው፤ የታመመ እንሰት የቆረጠ ቢላ በእሳት ሳይለበለብ ወደ ጤናማው መሄድ እንደሌለበት ደጋግሞ የሚነግር ድምፅ ያስፈልጋል። ከዚህም የከፋ አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎረቤታችን በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ተዳፋት ላይ ቤት ሠርቶ ለሚኖር ሕዝብ የከባድ ዝናብ ማስጠንቀቂያ ሳይደርሰው መቅረቱ የመዝናኛ ጉድለት ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ወደ ብልሽቱ እንግባ። በአገራችን የቴሌቪዥን ሥርጭት በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ምስሉ የሚመጣው በምድር ላይ ከተተከለ ማሰራጫ ነበር። ዛሬ በገጠራችን አብዛኛው ተመልካች የሚያየው በዲሽ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኢትዮሳት ሥራ ሲጀምር የአገር ውስጥ ጣቢያዎች በምሥራቅ በኩል በ57 ዲግሪ ላይ ወዳለችው ኤንኤስኤስ 12 ወደምትባለው ሳተላይት ተሰባሰቡ። ከዚያ በፊት ብዙው ዲሽ የተተከለው ናይልሳትን እንዲያይ ነበር። ናይልሳት ደግሞ በምዕራብ 7 ዲግሪ ላይ ናት። ስለዚህ ጣቢያው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሰማይ ሲዛወር፣ ፊቱን ወደ ምዕራብ እንዳዞረ የቀረ ዲሽ ያለው ሁሉ «ጠፋብን» አለ። አንዳንዱ ዲሽ ዛሬም ወደ ኦሞ ወንዝ እንዳፈጠጠ ነው።

መሪዎች ይህን በዓይን ማረጋገጥ ይችላሉ። ከሶዶ አካባቢ ሆኖ ኢትዮሳትን የሚያይ ዲሽ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ሆኖ ትንሽ ወደ ደቡብ ያዘነብላል፤ በኮምፓስ ሲለካ ወደ 109 ዲግሪ ይጠጋል። የሚያየው የሰማይ ከፍታ ደግሞ ከአድማስ 66 ዲግሪ ያህል ነው። ናይልሳትን የሚፈልግ ግን ወደ ምዕራብ 263 ዲግሪ ላይ ሆኖ ከፍታው 38 ዲግሪ ብቻ ነው። ዛሬ ኮምፓስ የሌለው ዘመናዊ ስልክ ጥቂት ነው። አንድ ወጣት ስልኩን ይዞ ከዲሹ ጀርባ ቢቆም ዲሹ ወዴት እንደሚያይ በአንድ ደቂቃ ያውቃል። ከብረቱ ራቅ ብሎ ይቁም፤ ብረት ኮምፓስን ያሳስታልና። ኳስ ፍለጋ ማታ ማታ ዲሹን የሚያዞሩ ልጆች ካሉም በዚያው ይታወቃሉ። ለኳሱ ሌላ ዲሽ ይግዙ እንጂ የማኅበሩን ዲሽ በየሳምንቱ ማዞር የትኛውንም ጣቢያ በትክክል እንዳያሳይ ያደርገዋል።

በአንድ ቀበሌ ያየሁት ነገር ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት ሆኖኛል። ዲሹ በማሠልጠኛው ጓሮ መሬት ላይ በአጭር ብረት ተተክሎ፣ መጀመሪያ ላይ በደንብ ያሳይ ነበር። ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ምስሉ መቆራረጥ ጀመረ፤ በመጨረሻም ጭራሽ ጠፋ። ከከተማ የመጣው ባለሙያ ሪሲቨሩ ተቃጥሏል ብሎ ሌላ አስገዛቸው። አዲሱም አላሳየም። ኋላ አንዲት የማኅበሩ አባል ናቸው «ይህ እንሰት ያኔ ጉልበቴን አይደርስም ነበር» ያሉት። ከዲሹ በስተምሥራቅ በሁለት ሜትር ርቀት የተተከለው እንሰት አድጎ ቅጠሉ ሰማዩን ሸፍኖታል። ስሌቱ እንዲህ ነው፤ ወደ 66 ዲግሪ የሚያይ ዲሽ ፊት ለፊት ያለ ተክል ከዲሹ በላይ ያለው ቁመት ከርቀቱ ሁለት እጥፍ ከሩብ ከበለጠ ይከልላል። በሁለት ሜትር ርቀት ላይ አራት ሜትር ተኩል ማለት ነው፤ እንሰት ደግሞ ይህን ቁመት ያልፋል። እርጥብ ቅጠል የሳተላይትን ሞገድ ይውጣል። እንሰት መቁረጥ አላስፈለጋቸውም፤ ዲሹን ወደ ጣሪያው ጎን አዛወሩት። የሪሲቨሩ ገንዘብ ግን ከማኅበሩ ካዝና ወጥቷል።

ሁሉም ጣቢያ ሳይሆን ጥቂቱ ብቻ ሲጠፋ ነገሩ ሌላ ነው፤ የጠፋው የትኛው እንደሆነ በራሱ ይናገራል። በሳተላይት ላይ ጣቢያዎች ለየብቻ አይጓዙም፤ እንደ ገበያ መንገደኛ በቡድን ተሳፍረው አንድ ሞገድ ላይ ይመጣሉ። አንድ ቡድን ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ሞገዱ ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል ሪሲቨሩን እንደገና ማስፈለግ፣ ወጣቶች እንደሚሉት «ሰርች ማድረግ»፣ ይበቃል። ሞገዶቹ ደግሞ አግድምና ቁም ተብለው በሁለት ወገን ይከፈላሉ። ሪሲቨሩ በኬብሉ በኩል ለዲሹ አፍ፣ ማለትም ለኤልኤንቢው፣ ለአንዱ ወገን 13፣ ለሌላው 18 ቮልት ይልካል። ኬብሉ በጣም ከረዘመ፣ ጫፉ ከዛገ ወይም ኃይሉ ከደከመ 18 ቮልት የሚጠይቀው ወገን ቀድሞ ይጠፋል። እንዲህ ሲሆን ዲሹን መነካካት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም፤ የኬብሉን ጫፍ ቆርጦ አዲስ ማያያዣ ማሰርና ከዝናብ መሸፈን ነው መፍትሔው። የኤልኤንቢው የፕላስቲክ ክዳን ተሰንጥቆ ውሃ መግባቱ፣ ተርብም ውስጡ ቤት መሥራቱ በየክረምቱ የሚያጋጥም ነገር ነው። ጣሪያ ላይ ከመወጣቱ በፊት ግን ሪሲቨሩ ከኤሌክትሪክ ይነቀል። ረጅም ብረት ይዞ በኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ መንቀሳቀስ ሕይወት ያስከፍላል።

ምንም ሳይበላሽ የሚጠፋበት ጊዜም አለ። ከባድ ዝናብ ሲጥል ለጥቂት ደቂቃ መቆራረጡ የሞገዱ ጠባይ ነው፤ ዝናቡ ሲያባራ ይመለሳል። በትንሽ ካፊያ የሚጠፋ ከሆነ ግን ዲሹ ቀድሞም በትክክል አልተቃናም ማለት ነው። ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመስከረም አጋማሽና በመጋቢት መጀመሪያ፣ ፀሐይ ልክ ከሳተላይቷ ጀርባ ታልፋለች። በዚያን ጊዜ ለተወሰኑ ቀናት፣ ከእኛ አካባቢ ሲታይ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ገደማ፣ ምስሉ ለጥቂት ደቂቃ ይረበሻል። የመስከረሙ ከጊፋታ ሰሞን ጋር ስለሚገጥም እንግዳ በተሰበሰበበት ቤት ባለሙያ ሲጠራ ይታያል። ባለሙያውም መጥቶ ዲሹን ሲነካካ ፀሐይዋ ታልፋለች፣ ምስሉ ይመለሳል፣ ዋጋውን ተቀብሎ ይሄዳል። በዚህ እንኳ አንቀየመውም፤ ምናልባት እርሱም አላወቀም።

ከምድር ማሰራጫ በአንቴና የሚመጣውን ዲጂታል ሥርጭት በተመለከተ አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል። በ1998 ዓ.ም. በጄኔቫ በተደረሰው ስምምነት አፍሪካን ጨምሮ ብዙ አገሮች አሮጌውን የአናሎግ ሥርጭት ወደ ዲጂታል እንዲለውጡ ቀን ተቆርጦ ነበር፤ ለአብዛኛው ሥርጭት የመጨረሻው ቀን ሰኔ 10 ቀን 2007 ዓ.ም. ነበር። በአናሎግ ጊዜ ሲግናሉ ሲደክም ምስሉ በረዶ ይለብስ፣ ጥላም ያወጣ ነበር እንጂ ይታይ ነበር። ዲጂታል ግን መካከለኛ የለውም፤ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ወይም ተሰባብሮ ይጠፋል። የምድር ሞገድ ደግሞ ተራራ አይሻገርም። ማሰራጫ በዳሞታ አንድ ወገን ከቆመ፣ በሌላው ወገን ጥላ ሥር ያለ ቀበሌ አንቴናውን ቢያስረዝም የሚያገኘው ትንሽ ነው፤ ወደ ኦሞ ሸለቆ የሚወርደው የኪንዶ አገርም ያው ነው። እዚህ ላይ የመሪዎች ድርሻ መሣሪያ መግዛት አይደለም። የትኛው ጎጥ እንደሚያይና የትኛው እንደማያይ መዝግበው ለወረዳው ማቅረብ ነው፤ ረዳት ማሰራጫ የት ይተከል የሚለው በዚያ ሊመለስ ይችላልና። ለኤፍ ኤም ሬዲዮም ይኸው ይሠራል። በመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ ላይ ብቻ የሚሰማ እዝዝታ ካለ ግን ርካሽ አምፖልና የሶላር ቻርጀር አጥፍቶ መሞከር ነው፤ ብዙ ጊዜ ጠላቱ እዚያው ቤት ውስጥ ነው።

«ስልክ እያለ ይህ ሁሉ ለምን?» የሚል ክርክርም ሰምቻለሁ። ስልክ ጥቅሙ አይካድም። ነገር ግን ዳታ የሚገዛው ወጣቱ ነው፤ በእንሰቱና በቦይናው ላይ የሚወስኑት አባትና እናት ዘንድ ግን የደረሰው ወሬ ተሸራርፎ ነው የሚደርሰው። አርባ ሰው አንድ ላይ አይቶ የሚከራከርበት ዝግጅትና አንድ ልጅ ለብቻው ያየው ቪዲዮ በማኅበር ሥራ ላይ እኩል አይመዝኑም።

ስለዚህ መሪዎች በሚቀጥለው ስብሰባ ሊወስኑት የሚችሉትን ልጥቀስ። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ወጥተው ሥራ ያላገኙ ልጆች በየቀበሌው አሉ። ከእነርሱ አንዱን ወይም አንዷን ለዚህ ሥራ መመደብና ለድካማቸው በቁርጥ መክፈል፣ በየጊዜው ከከተማ ለሚመጣ ባለሙያ ከሚወጣው ይቀላል። ሲግናል መለኪያ ለአንድ ቀበሌ ብቻ መግዛት አያስፈልግም፤ ሦስት አራት ቀበሌ በአንድ ተጋርቶ ሊጠቀምበት ይችላል። ማን እንደሚያስቀምጠው ግን አስቀድሞ በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ የጋራ ዕቃ ሲጠፋ የሚጠየቅ ሰው የማይገኘው ይህ ሳይደረግ ሲቀር ነው። ከመሣሪያው ጎን አንድ ደብተር ይቀመጥ። ምስሉ የጠፋበት ቀንና ሰዓት፣ የጠፋው ጣቢያ ስም፣ ዝናብ መኖሩና የተደረገው ጥገና ይጻፍበት። ከከተማ ባለሙያ መጥራት ግድ ሲሆን መጀመሪያ ይህን ደብተር እንዲያነብ ይደረግ፤ ሳያነብ ሪሲቨር ግዙ ካለ ገንዘብ ያዡ እሺ አይበል።